መለኪያው ጨውና ማዳበሪያ አይለይም

ጓሮ አትክልት ድሮ የእናቶቻችን ሥራ ነበር፤ አሁን የእኛም ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ባልዲና ጄሪካን ቆርጦ ሰላጣ መትከል የወግ ነው። መካነ ኢየሱስ ላይ ጓሮ ያለን፣ አዲስ አበባ ላይ በረንዳ ብቻ የቀረን ወጣቶች ስንገናኝም አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «የውኃውን ንጥረ ነገር የሚለካው እስክሪብቶ የሚመስል ነገር፣ የትኛው ይሻላል?»

እኛ ግን እንላለን፤ የትኛው ከማለታችን በፊት ምን እንደሚለካ እንወቅ። ቲዲኤስ ሜትር የሚባለው ይህ ዕቃ የሚለካው ውኃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። የሟሟ ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል፤ በቃ። እስኪ ሞክሩት፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 1 ግራም የወጥ ጨው ጨምሩና ለኩ። ኢሲው ወደ 2 ገደማ ይላል። ሰላጣ በውኃ ሲበቅል የሚፈልገው ከ1.2 እስከ 1.8 አካባቢ ነውና ቁጥሩን ያየ ሰው «ምግቡስ ተትረፍርፏል» ሊል ይችላል። ናይትሮጅን ግን ጠብታ የለበትም!

ታዲያ ዕቃው ከንቱ ነው? አይደለም። ያለ አፈር፣ በውኃ ብቻ ለሚያበቅልና ማዳበሪያውን ራሱ ለሚበጠብጥ ሰው ዓይኑ ነው። እሱ ምን እንደጨመረ ያውቃል፤ የቀረው መጠኑ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲገዛ ሦስት ነገር ይይ። አንደኛ፣ ኢሲን በቀጥታ የሚያሳይ ይሁን። ፒፒኤም ብቻ የሚያሳዩት አንዳንዶቹ ኢሲን በ500፣ ሌሎቹ በ700 ያባዛሉ፤ ስለዚህ ኢሲው 1.5 የሆነ ያው አንድ ውኃ በአንዱ 750፣ በሌላው 1050 ይሆናል። ሁለተኛ፣ ለሙቀት ራሱን የሚያስተካክል ይሁን፤ ውኃው በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ንባቡ 2 በመቶ ያህል ከፍ ይላልና። እንደ እስቴ ባለ ደጋ ደግሞ የጠዋቱና የቀትሩ ውኃ አንድ አይደለም። ሦስተኛ፣ በ1413 ማይክሮሲመንስ ፈሳሽ ልኩ የሚፈተሽና የሚስተካከል ይሁን፤ ፈሳሹንም አብሮ ይግዛ።

በአፈር የምንተክል ግን ገንዘባችንን እንያዝ። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ካልሲየሙ እየታጠበ አፈሩ ወደ አሲድነት ሊያደላ ይችላል፤ ጎመናችን የታመመው በዚያ ከሆነ ቲዲኤስ ሜትር አይነግረንም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ እሱም ቢሆን የአፈሩ ፒኤች ከተለካ በኋላ እንጂ በግምት አይጨመርም። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፖስት፣ ቀጥሎም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር።

ካልሆነ እናቶቻችን አመድና ፍግ ይዘው ያሳደጉትን ጎመን፣ እኛ ቁጥር እያነበብን እናደርቀዋለን።

ቸር እንሰንብት!