ከልጆቻችን አንዷም ሳትከተብ አትቅር

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚጠቀሰው የማህፀን በር ካንሰር ነው። በየዓመቱ ከ5 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያት በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን አሳድገው ሳይጨርሱ፣ ቤታቸው በእነሱ ትከሻ ላይ ቆሞ ሳለ የሚሄዱ ናቸው። ይህ ሞት ሊቀር ይችል የነበረ ሞት ነው። መንስኤው ከታወቀ 40 ዓመት አልፎታል። ክትባት አለው። ካንሰር ከመሆኑ ከዓመታት በፊት የሚያጋልጠው ምርመራም አለው። ተመራማሪዎቹ ድርሻቸውን ተወጥተዋል። የቀረው ክትባቱን ልጃገረዷ ዘንድ፣ ምርመራውን እናቲቱ ዘንድ ማድረስ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኛ በቀር የሚያደርግልን የለም።

ዕውቀቱ በስንት ልፋት እንደተገኘ ማወቅ ይገባናል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሊቃውንት የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው የሄርፒስ ቫይረስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ሃራልድ ዙር ሃውዘን ከታማሚዎች በተወሰደ ናሙና ውስጥ የሄርፒስን ዘረመል ፈልገው አጡት። አለማግኘታቸውን ደብቀው ከብዙኃኑ ጋር አልተስማሙም፤ በይፋ ተናገሩ። በ1976 ደግሞ ተጠያቂው ኪንታሮት የሚያወጣው የፓፒሎማ ቫይረስ ቤተሰብ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጻፉ። ብዙዎች ተጠራጠሯቸው። ተራ ኪንታሮት የሚያወጣ ቫይረስ እንዴት ሰው ይገድላል? እሳቸው ግን ከተማሪዎቻቸውና ከባልደረቦቻቸው ጋር ፍለጋውን ቀጠሉ። በ1983 ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ 16ን፣ በ1984 ደግሞ ቁጥር 18ን በካንሰሩ ናሙና ውስጥ አግኝተው አሳተሙ። በዓለም ላይ ከሚከሰተው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቁጥር 18 የተገኘበት አንዱ ቦታ ልብ ይነካል። በ1951 ሄንሪዬታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት፣ የአምስት ልጆች እናት፣ በ31 ዓመቷ በማህፀን በር ካንሰር ሞተች። ሐኪሞች ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ የወሰዱት ሕዋስ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ውስጥ እየተራባ እስከ ዛሬ ይኖራል። ከሞተች ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ በዚያው ሕዋስ ውስጥ ገዳይዋ ተገኘ። ዕውቀቱ ለእሷ አልደረሰላትም። ለልጆቻችን ግን ደርሷል።

ዙር ሃውዘን ያገኙትን የቫይረስ ዘረመል ለሌሎች ተመራማሪዎች በነጻ አከፋፈሉ። በ1991 አውስትራሊያ ውስጥ ኢያን ፍሬዘርና ቻይናዊው ጂያን ዡ የቫይረሱን ውጫዊ ሽፋን ብቻ መሥራት ቻሉ፤ ክትባቱም ከዚህ ተወለደ። ዡ በ1999 በለጋ ዕድሜያቸው ስላረፉ ክትባቱ በ2006 ሲፈቀድ አላዩም። ዙር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ወንዶች ልጆችም ይከተቡ እያሉ ሲሟገቱ ኖረው በ2023 በ87 ዓመታቸው አረፉ።

ክትባቱ ይሠራል ወይ ለሚል፣ መልሱ ከተጻፈ ቆይቷል። በስዊድን ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችና ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2020 የታተመ ጥናት፣ 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት ላይ ካንሰሩ ካልተከተቡት በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እንግሊዝ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱ በቀረበላቸው ላይ የታየው ቅነሳ 87 በመቶ ነው። ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ነው የሚል ካለ ደግሞ ጎረቤታችንን ኬንያን ይመልከት። እዚያ ከ2 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት አንድ መርፌ ብቻ በ18 ወር ክትትል ቁጥር 16ንና 18ን 97.5 በመቶ ተከላክሏል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዶዝ ይበቃል ሲል ይህ የአፍሪካ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት አንዱ ምስክሩ ነው።

ኢትዮጵያ ክትባቱን መስጠት የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ ክትባቱ አጥሮ ስለነበር የደረሰው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ፣ ያውም በሁለት ዙር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን ወደ አንድ ዶዝ ተሸጋግረን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ በዘመቻ ተሰጥቷል። በር ተከፍቶልናል ማለት ነው። በዚያ በር የማትገባ ልጅ ካለች የምትቀረው በወሬ፣ በቸልታ ወይም ትምህርት ቤት ባለመኖሯ ነው። ሦስቱንም ማሸነፍ እንችላለን።

ከወሬው ልጀምር። «ክትባቱ መካን ያደርጋል» ይባላል። ይህን የምታምን እናት ልጇን ስለምትወድ ነው የምትፈራው፤ ልንቆጣት አይገባም፤ ልናስረዳት ይገባል። በክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም፤ የቫይረሱ ዘረመልም የለም። ከቫይረሱ ያለው ሽፋኑ ብቻ ነው። ፍሬ የሌለው ገለባ ቢዘሩት እንደማይበቅል፣ ይህም ሽፋን በሰውነት ውስጥ ሊራባም በሽታ ሊያመጣም አይችልም፤ ሰውነት ግን ጠላቱን በመልኩ እንዲለይ ያስተምረዋል። ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዶዞች ተሰጥተው ማህፀንን እንደሚያመክን የታየበት ማስረጃ የለም። ማህፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው።

ወሬ ምን እንደሚያደርስ ጃፓን አይታዋለች። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ክትባቱ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ በተነዛ ዜና ምክንያት መንግሥት ለክትባቱ መቀስቀስ አቆመ፤ 70 በመቶ ገደማ የነበረው የተከታቢዎች ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። ቅስቀሳው እንደገና እስኪጀመር 9 ዓመት ገደማ አለፈ። እነዚያ ዓመታት ላመለጧቸው ልጃገረዶች ተመልሰው አይመጡም። ሀብታም አገር ለቀሩት በምርመራና በሕክምና ይደርስላቸዋል። እኛ ያ አቅም የለንም፤ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከጠረፍ የመጣች ታማሚ ተራዋን ስትጠብቅ በሽታው ይብስባት ነበር። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእኛ የግድ ነው።

ከወሬው ጋር የሚተባበር ሌላ ጠላት አለን፤ እፍረት ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በመሆኑ በሽታው በሹክሹክታ ይወራል፤ ሴቲቱም ትወነጀላለች። ይህ ፍርድ ግፍ ነው። ቫይረሱ ከመስፋፋቱ የተነሳ ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ የአብዛኛው ሰው ሰውነት በ2 ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ሳይወገድ የቀረው ነው ከ15 እስከ 20 ዓመት ተደብቆ ቆይቶ ካንሰር ሊሆን የሚችለው። ስለዚህ በ45 ዓመቷ የታመመች ሴት ትናንት ያጠፋችው ነገር የለም። ባሎች ይህን ስሙ። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፤ እነዚህን ሚስትህ ለአንተ መናገር የምትፈራ ከሆነ ሐኪም ዘንድ የምትደርሰው ረፍዶ ነው። አብረሃት ሂድ።

ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆናችሁ እህቶች፣ ክትባቱ አልደረሰላችሁም፤ ምርመራው ግን የእናንተ ነው። ባለሙያዋ የማህፀን በሩን በአቼቶ ውስጥ ባለው አሲድ ትቀባዋለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ነጥቶ ይታያል። ቅድመ ካንሰር ሆኖ ከተገኘ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይወገዳል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን ተጠናቆ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። ኤች አይ ቪ በደማችሁ ያለባችሁ ደግሞ ለካንሰሩ የመጋለጥ ዕድላችሁ 6 እጥፍ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ተመርመሩ፤ መድኃኒት ስትወስዱ ስለዚህ ምርመራ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አሁን ጥሪው። የእድር ዳኞች፣ ለቀብር ድንኳን እንደምታቆሙ ሁሉ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ የጤና ባለሙያ ጋብዙ፤ የአባላቶቻችሁን ቤት እየዘረዘራችሁ ያልተከተበች ልጅና ያልተመረመረች እናት ማን እንዳለች ጠይቁ። መምህራን፣ በክትባቱ ሳምንት የቀረችውን ልጅ ስሟን ጠርታችሁ ቤቷ ድረስ ሰው ላኩ። ትምህርት ያቋረጡ፣ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጃገረዶች በመዝገባችሁ ላይ የሉም፤ እነሱን የምታውቃቸው የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ብቻዋን አትተዋት። ቄሶች፣ ሼኮች፣ ፓስተሮች፣ ሕዝቡ ከማናችንም ይልቅ እናንተን ያምናል፤ የራሳችሁን ሴት ልጅ በምእመናን ፊት አስከትቡ። ጋዜጠኞች፣ ወሬው ሲነሣ ዝም አትበሉ።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖች፣ በአንዳንዶቹ አገሮቻችሁ ክትባቱ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ የፈቃድ ወረቀቱ ወደ ቤት ሲመጣ ከሴት ልጃችሁም ከወንድ ልጃችሁም ስም በታች ፈርሙ። አገር ቤት ስትደውሉ ለእህታችሁ ገንዘብ ደረሰሽ ወይ ከማለት ጋር ተመረመርሽ ወይ በሏት።

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከመቶ ልጃገረዶች 90ው 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ ግብ አስቀምጧል። ለእኛ ግን የሚቆጠሩት በየቤታችን ያሉት ናቸው። ዛሬ ማታ በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆነች ልጅ ካለች ተከትባ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተከተበች ነገ ጠዋት እጇን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።