የእጅ ሥራ፤ «የራዲዮ ንግሥት» በባትሪ ስትበር

በራዲዮ የሚመሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን በእጃቸው ሠርተው የሚያበሩ ሰዎች፥ ከጥንቶቹ ፕላኖች አንዱን መርጠው በነዳጅ ሞተሩ ፈንታ የኤሌክትሪክ ሞተር እያስገቡ መሥራትን በየአገሩ አዘውትረውታል። ይህን የማይወዱም አሉ። ሞተሩ ከተለወጠ፥ ድምፁና ሽታው ከጠፋ፥ የቀረው አካል የጥንቱ አውሮፕላን ሊባል አይገባውም ይላሉ። ነገራቸው ከንቱ ነው አንልም፤ የቀድሞ ሰው ሥራን ለማክበር የሚሻ የሠሪውን አሳብ መጠበቅ አለበትና። ነገር ግን ዛሬ የምንጽፍላችሁ «የራዲዮ ንግሥት» ስለምትባል አንዲት የእንግሊዝ አገር አውሮፕላን ነው። እርስዋን በባትሪ የሚያበር ሰው የሠሪዋን አሳብ አያፈርስም፤ ሠሪዋ ራሳቸው የጀመሩትን ይፈጽማል እንጂ።

ንግሥቲቱን ያወጧት ኮሎኔል ታፕሊን የተባሉ እንግሊዛዊ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተከተሉት ዓመታት የተሠራች፥ ክንፍዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ፥ ሆድዋ ሰፊ፥ አካሄድዋም ዝግ ያለ አውሮፕላን ናት። ሆድዋ የሰፋው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ ዘመን ራዲዮ ተቀባይ የብርጭቆ ቫልቭ ያለው፥ ከባድ ደረቅ ባትሪዎችንም የሚሻ ነበርና፥ ይህን ሁሉ የሚሸከም ሰፊ ቤት ያስፈልገው ነበር። ሞተርዋ ካንዴላ የሌለው፥ ነዳጁን በመጭመቅ ብቻ የሚያነድ ትንሽ ዲዝል ሲሆን፥ የሚጠጣውም ኤተር፥ ላምባና የጉሎ ዘይት ተደባልቆ ነበር። ይህን ድብልቅ በመኖሪያ ቤት አጠገብ ያስነሣ ሰው፥ እናቶች ስለ ምን በሩን እንደሚዘጉበት ሳይጠይቅ ያውቀዋል። በዚያ ጊዜ የነበሩት ቀላል ራዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዙት የጅራቱን መሪ ብቻ ነበር፤ አብራሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመልሳታል፥ ሞተሩ ግን ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል፤ ከዚያም በኋላ አውሮፕላኗ ተንሳፍፋ ትወርዳለች።

ኮሎኔሉም ሰኔ 23 ቀን 1949 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 1957 ዓ.ም.፥ ይህችን ንግሥት ዲዝሉን ትተው ቋሚ ማግኔት ባለው የኤሌክትሪክ ሞተርና ከብርና ከዚንክ በተሠራ ባትሪ አበረሩዋት። በራዲዮ የሚመራ አውሮፕላን በኤሌክትሪክ ኃይል ስለ መብረሩ በይፋ ከተመዘገቡት የመጀመሪያው ይህ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በጀርመን አገር ፍሬድ ሚሊትኪ ያለ ራዲዮ በነፃ የሚበር የኤሌክትሪክ አውሮፕላን አነሣ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. «ሲሌንቲዩስ» የተባለው ሥራው ለገበያ ቀረበ። ይኸው ሰው አሳቡን ሳይተው ቆይቶ፥ በኦክቶበር 21 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. በእርሱ ምክር የተዘጋጀው የኤሌክትሪክ አውሮፕላን በኦስትሪያ አገር ሰው ተሸክሞ ለጥቂት ደቂቃዎች በረረ። ከመጫወቻ የሚቈጠር ነገር ሰውን እስከ መሸከም ደረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ያን ጊዜ ከተቻለ፥ ስለ ምን ሠላሳና አርባ ዓመት ያህል ዲዝሉና የእርሱ ዘመዶች ሰማዩን ይዘው ቆዩ? መልሱ በሚዛን ላይ ነው። አንድ ኪሎ ላምባ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል በውስጡ ይዞአል፤ ከብርና ከዚንክ የሚሠራው ባትሪ በኪሎ ከዚያ ወደ መቶኛው እጅ ይጠጋል። በዘመኑ ከነበሩት ባትሪዎች መካከል እርሱ እጅግ ቀላሉ ነበር፤ ሆኖም ብር ብር ነውና ዋጋው ለባለ ጸጋ እንጂ ለቤተ ሰብ አይሆንም፥ ከጥቂት ጊዜ መሙላት በኋላም ይሞታል። ሞተሩም የራሱ ነውር ነበረበት። ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው አካል የሚያቀብለው ካርቦን እየተፋተገ ኃይል ያባክናል፤ የሚያወጣውም ብልጭታ ጎረቤቱ የሆነውን የራዲዮ ተቀባይ ያውካል። አውሮፕላንን በራዲዮ ለሚመራ ሰው ከዚህ የከፋ ጎረቤት የለም።

ይህን ሁሉ የለወጡት በኋላ የመጡ ነገሮች ናቸው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒዮዲሚየም የተባለው እጅግ ብርቱ ማግኔት ተገኘ፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የሊትየም ባትሪ ለገበያ ወጣ፤ ሞተሩም ካርቦኑን ትቶ፥ ኤሌክትሪኩን በተራ በተራ በሚያቀብል የፍጥነት መቆጣጠሪያ መዞር ጀመረ። የራዲዮ ተቀባዩም ከባድ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ጥቂት ግራም ሆነ። ንግሥቲቱን ዛሬ የሚሠራ ሰው እንግዲህ አንድ ነገር በነፃ ያገኛል፤ ይኸውም የድሮው ራዲዮና ደረቅ ባትሪዎቹ ይዘውት የነበረውን ክብደት ለሞተሩ ባትሪ መስጠት መቻሉ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። አካልዋን እንደ ፕላኑ ከባልሳና ከቀጭን ኮምፔንሳቶ መሥራት ነው፤ በዚህ የምንጨምረው የለም። ክብደትዋ ከነባትሪዋ 2 ኪሎ ተኩል ይሆናል ብንል፥ እንዲህ ላለች ዝግተኛ አውሮፕላን በኪሎ 130 ዋት ይበቃታል፤ ይህም 325 ዋት ነው። ሦስት ክፍል ያለው የሊትየም ባትሪ 11 ነጥብ 1 ቮልት ስለሚሰጥ፥ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 29 አምፔር ይስባል፤ መቆጣጠሪያው እንዳይግል 40 አምፔር የሚችለውን እንምረጥ። ባትሪው 4 አምፔር ሰዓት ቢሆን 44 ዋት ሰዓት ይይዛል። አምስተኛውን እጅ በውስጡ ማስቀረት ይገባል፥ ሊትየም እስከ መጨረሻው ሲደርቅ ይበላሻልና። አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ስትሄድ ከሙሉ ኃይልዋ ሲሶውን ብቻ ስለምትበላ፥ መነሣቱና መውጣቱ ተጨምሮ 15 ደቂቃ በአየር ላይ ትቆያለች። ለመዝናናት ይህ ብዙ ነው።

ሞተሩ በዝግታ የሚዞር ይሁን፤ በአንድ ቮልት በደቂቃ 800 ዙር ያህል የሚዞረው፥ 12 ወይም 13 ኢንች ርዝመት ያለው ፕሮፔለር ሊሸከም ይችላል። ዲዝሉ ያዞር የነበረው ከዚህ ያጠረውን ነበርና፥ መሬት እንዳይነካ የጎማዋን እግር አስቀድማችሁ ለኩ። ባትሪው በተቻለ መጠን ወደ አፍንጫው ይጠጋ፤ ሚዛንዋ በፕላኑ ላይ ምልክት በተደረገበት ቦታ ሲቆም ብቻ ይጽና። ነዳጅ እየበረሩ ያልቃል፥ ባትሪ ግን በተነሣበት ክብደት ያርፋል። በክፉ አወራረድ ጊዜም እንደ መዶሻ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ስለዚህ ማሰሪያው ከስስ ባልሳ ላይ ሳይሆን ከኮምፔንሳቶ ላይ ይያዝ። ነፋስ በአፍንጫዋ ገብቶ በሆድዋ የሚወጣበት ቀዳዳም አትርሱ፤ መውጫው ከመግቢያው ይስፋ።

በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ደጋ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር እንጨምር። በ2,350 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አምስተኛው እጅ ያህል ስስ ነው። የነዳጅ ሞተር አየር ስለሚተነፍስ በዚሁ ልክ ይደክማል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም፥ ኃይሉም በቦታው ይቆያል። የሚደክመው ፕሮፔለሩ ነው፤ አንድ ኢንች ብትጨምሩለት አብዛኛውን ይመልስላችኋል። ክንፍዋም በስስ አየር ውስጥ ስለሆነች ንግሥቲቱ ጥቂት ፈጠን ብላ ትነሣለች፥ ፈጠን ብላም ታርፋለች፤ ስለዚህ ሰፊ ሜዳ ፈልጉላት፤ ማብረር በሚፈቀድበት ስፍራም መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበንን እንናገር፤ ይህ ሥራ ልጆች ባሉበት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነውና። ዲዝሉ ለመነሣት እምቢ ይል ነበር፤ አባት ልጁን «ወደ ኋላ በል» ለማለት ጊዜ ነበረው። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ባትሪው ከተያያዘ ጀምሮ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል፤ በመምሪያው ላይ የልጅ ክርን ብትነካ በቅጽበት ይዞራል፥ ጣት ቢያገኝም አይቆምም። ሥራው በቤት ውስጥ እስከሚያልቅ ድረስ ፕሮፔለሩ አይገጠም። በሜዳው ላይ አስቀድሞ መምሪያው ይከፈት፥ ባትሪው ከዚያ በኋላ ይያያዝ፤ ስትመለሱ ባትሪው ቀድሞ ይላቀቅ፥ መምሪያው በኋላ ይዘጋ። ይህን ተራ ልጁ በቃሉ ሳይይዝ አውሮፕላኗን አይንካት።

ባትሪው የሚሞላው ለሊትየም በተሠራ፥ ክፍሎቹንም እኩል በሚያደርግ መሙያ ነው። ከአውሮፕላኗ አውጥታችሁ፥ መጋረጃና ምንጣፍ በሌለበት በሲሚንቶ ወለል ላይ፥ ሰው እያየው ሙሉት፤ ሌሊት ተኝቶ ማደር በዚህ አይሆንም። የተነፋ ወይም በመውደቅ የተጎዳ ባትሪ ደህና ቢመስልም ዳግመኛ አይሞላ፤ ከቤት ውጭ ይቆይ። የማትበሩበት ሳምንት ከሆነም ሙሉውን አታስቀምጡት፤ እያንዳንዱ ክፍል በ3 ነጥብ 8 ቮልት ሲሆን ረዥም ጊዜ ይኖራል።