ከፊርማው በፊት፦ በቀዶ ሕክምና ምርምር የታካሚው ፈቃድ

በሪያድ ከተማ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ሕመምተኛ ሁለት ልዩ ልዩ ወረቀቶች ሊቀርቡለት ይችላሉ። አንደኛው ለሕክምናው ራሱ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ሐኪሞች ሁለት የሕክምና ስልቶችን ለማነጻጸር በሚያካሂዱት ምርምር ውስጥ እንዲሳተፍ የሚጠይቅ ነው። የመጀመሪያው ለታካሚው ጥቅም የታሰበ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከእርሱ በኋላ ለሚመጡ ሕሙማን ዕውቀት ለማትረፍ ነው። ይህን ልዩነት ሳይረዳ ሁለቱንም የፈረመ ሰው ለምርምሩ ፈቅዷል ማለት ያስቸግራል።

ጉዳዩ ለሪያድ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በጥር ወር 2024 ይፋ የሆነው የሳዑዲ ዓረቢያ ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ ስትራቴጂ መንግሥቱ ለሕክምና ምርምር የሰጠውን ትኩረት አሳይቷል። የንጉሥ አብደላ ዓለም አቀፍ የሕክምና ምርምር ማዕከልም መቀመጫው በዚህችው ከተማ ነው። በ2022 በተደረገው ቆጠራ ከመንግሥቱ ነዋሪዎች መካከል ከመቶ 41 ነጥብ 6 የሚሆኑት የውጭ አገር ዜጎች መሆናቸው ታውቋል። ስለዚህ በሆስፒታሎች አልጋ ላይ ከሚተኙት መካከል ዐረብኛን በሥራ ቦታ የተማሩ ሰዎች ይኖራሉ። ለገበያና ለሥራ የሚበቃ ዐረብኛ ደግሞ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ማደንዘዣና ስለ ዕጣ አመዳደብ ለመረዳት ላይበቃ ይችላል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በ1431 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ2010፣ በንጉሣዊ ድንጋጌ የጸደቀው በሕያዋን ፍጥረታት ላይ ስለሚደረግ ምርምር ሥነ ምግባር የሚደነግገው ሕግ፣ ተመራማሪ የሰውየውን ፈቃድ ሳያገኝ ምርምር እንዳያካሂድ ይከለክላል። ፈቃዱ ምርምሩን በመረዳት የተሰጠ መሆን ይኖርበታል፤ የሰጠው ሰውም መልሶ ሊያነሣው ይችላል።

ተመራማሪዎችን የሚያስጨንቀው ግን ሌላም ነገር አለ፤ በቂ ተሳታፊ ማግኘት። በሳዑዲ ሆስፒታሎች የመርስ ሕሙማንን ለማከም የተካሄደው ሚራክል የተሰኘ ጥናት፣ ከኅዳር 2016 እስከ ሚያዝያ 2020 ድረስ ዘጠኝ ማዕከላትን አሰልፎ የመዘገባቸው ሕሙማን 95 ብቻ ነበሩ። ያ ጥናት የመድኃኒት ጥናት ነበር። በቀዶ ሕክምና ላይ ችግሩ ይብሳል። ክኒን ማቆም ይቻላል፤ የተቆረጠን አካል ወደ ነበረበት መመለስ ግን አይቻልም። በዚያ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ለታካሚው «ከሁለቱ ስልቶች የትኛው እንደሚሻል ገና አላውቅም» ብሎ መናገር ይኖርበታል። እምነቱን በሐኪሙ ላይ ጥሎ ለመጣ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ቃል ነው፤ ለሐኪሙም ቢሆን ለመናገር ቀላል አይደለም።

የችግሩ ቁልፍ ብዙ ጊዜ በአነጋገር ውስጥ እንደሚገኝ በብሪታንያ የተካሄደው ፕሮቴክት የተባለ የፕሮስቴት ካንሰር ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ ክትትልን፣ ቀዶ ሕክምናንና የጨረር ሕክምናን ያነጻጸረ ነበር። በመጀመሪያ ላይ ለመሳተፍ የሚስማሙት ከመቶ 30 እስከ 40 የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። ውይይቶቹ ተቀድተው ሲመረመሩ፣ «እየጠበቁ መመልከት» የተባለውን አማራጭ ታካሚዎች «እስክሞት ሊመለከቱኝ ነው» ብለው እንደተረዱት ታወቀ። ስያሜው «ንቁ ክትትል» ተብሎ ሲለወጥና ሦስቱም አማራጮች በእኩል ሚዛን ሲብራሩ የሚስማሙት ወደ 70 በመቶ ደረሱ። በመጨረሻም 1643 ወንዶች በዕጣ ተመደቡ።

በአማርኛም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። «የሕክምና ሙከራ» ሲባል አድማጩ የሚሰማው «መሞከሪያ ልታደርጉኝ ነው» የሚለውን ነው። «ዕጣ» ሲባልም ዕድልን የሚያስብ ብዙ ነው። ነገር ግን ዕቁብ የገባ ሰው ዕጣ ለምን እንደሚወጣ ያውቃል፤ ሰብሳቢው ለወዳጁ እንዳያደላ ነው። በጥናት ውስጥም ዕጣ የሚወጣው ሐኪሙ ጠንካራውን ታካሚ ለሚወደው ስልት እንዳይመርጥ ነው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችል አስተርጓሚ፣ በቃል በቃል ትርጉም ከተሞላ አሥር ገጽ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ በአማርኛ ሊከናወን እንደሚችል ማስረጃው በአገር ቤት አለ። በአማራ ክልል ትራኮማ ባስከተለው የዓይን ፀጉር መቀልበስ ላይ የተደረጉት ጥናቶች በሺህ የሚቆጠሩ የገጠር ነዋሪዎችን ያሳተፉ የቀዶ ሕክምና ምርምሮች ናቸው። በ2011 ውጤቱ የታተመው አንዱ ጥናት 1300 ሰዎችን መዝግቦ ቀዶ ሕክምናን በወረንጦ ከመንቀል ጋር አነጻጽሯል። ፀጉሩ ተመልሶ እንዳያስቸግር በማድረግ ረገድ ቀዶ ሕክምናው በልጦ ተገኝቷል፤ በእይታ ለውጥ ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ቀዶ ሕክምና ለሚፈራ ሰው ይህ ውጤት ትልቅ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙ መሪነት ተካሂዶ በ2016 የታተመው ሌላው ጥናት ደግሞ 1000 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሁለት የቀዶ ሕክምና ስልቶችን አነጻጸረ። በአንደኛው ስልት ከመቶ 13፣ በሌላው ከመቶ 22 በሚሆኑት ላይ ችግሩ በዓመቱ ተመልሶ ታየ።

በእነዚህ ጥናቶች ማንበብ ለማይችለው ተሳታፊ ማብራሪያው በአማርኛ ተነብቦለት ፈቃዱን በጣት አሻራ ሰጥቷል። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው በ2016ቱ ጥናት ከዓመት በኋላ ከመቶ 98 የሚሆኑት ለምርመራ መገኘታቸው ነው። አሻራ በአንድ ቀን ይወሰዳል፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ለመታየት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ግን የገባበትን ጉዳይ ያወቀና ያመነ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሪያዱ ሠራተኛ ሁኔታ ከገበሬው የሚከብድበት ነጥብ አለ። ገበሬው ጎረቤቱንና ዘመዶቹን አማክሮ ይወስናል። ሠራተኛው ግን አንዳንድ ጊዜ ሆስፒታል የሚደርሰው ከአሠሪው ጋር ነው፤ የሚያስተረጉምለትም አሠሪው ወይም የሥራ ባልደረባው ይሆናል። ኢቃማው በአሠሪው እጅ የሚታደስለት ሰው በአሠሪው ፊት «አልፈልግም» ለማለት ምን ያህል ነጻ ነው? ስለዚህ የምርምር ፈቃድ የሚጠይቅ ሐኪም አሠሪውን ከክፍሉ አስወጥቶ፣ ገለልተኛ አስተርጓሚ አቅርቦ መነጋገር ይገባዋል። በአደጋ ምክንያት ራሱን ስቶ ለመጣ ታካሚ ደግሞ ጥያቄው የሚቀርበው ለቤተሰብ ነው፤ የቤተሰቡ መኖሪያ ግን ወሎ ወይም ጅማ ሊሆን ይችላል። አሠሪ ዘመድ አይደለም። ስልክ በሁሉም እጅ ባለበት በዚህ ዘመን ከቀይ ባሕር ማዶ ያለችን እናት ወይም ወንድም በአማርኛ ማነጋገር የማይቻል ነገር አይደለም።

ታካሚውም የሚጠይቀው አለው። ያለ ምርምሩ የሚሰጠኝ ሕክምና የቱ ነው? እምቢ ብል ቀጠሮዬ ይሰረዛል? ጉዳት ቢደርስብኝ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ውሌ አልቆ ወደ አገሬ ብመለስ ማን ይከታተለኛል? የመጨረሻው ጥያቄ ተመራማሪዎችንም የሚያሳስብ ነው። በዓመቱ ላይገኝ ይችላል በሚል ስጋት የውጭ አገር ሠራተኛውን ከጥናቱ ማስቀረት ቀላል መውጫ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ከተደረገ፣ በግንባታ ሥራ ላይ ከባድ ዕቃ የሚያነሣ ሰው ከሄርንያ ቀዶ ሕክምና በኋላ የትኛው ስልት እንደሚበጀው የሚናገር ማስረጃ ከሌሎች ሰውነት ላይ ብቻ የተሰበሰበ ይሆናል። በምዝገባው ቀን የአገር ቤት ስልክ ቁጥር መቀበልና ከጉዞ በኋላ በስልክ መጠየቅ፣ ሠራተኛውን ከጥናቱ ከማውጣት ያነሰ ዋጋ ያስከፍላል።