የእናት ሆድ ዥጉርጉር

«የእናት ሆድ ዥጉርጉር» ብሎ የተረተ ሕዝብ፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች አንድ ዓይነት እንደማይሆኑ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ያው ሕዝብ ባሕር ተሻግሮ ቶሮንቶ ሲከትም ተረቱን ረስቶታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሬ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ስላላቸው፣ በልደታቸው በተሰጣቸውም ጾታ ራሳቸውን ስለማያገኙት አዲስ ገቢ ወጣቶች ነው። አገር ቤት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያሳድዳቸዋል። እዚህ ሕጉ ይጠብቃቸዋል፤ የሚያስፈራቸው የአገር ልጅ ነው።

ከተማይቱ ፈጽማ አልጨከነችም። ቸርች ጎዳና ላይ «ዘ 519» የተባለው ማእከል ስደተኞችን ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ስፕሮት ሀውስም ለ25 እንዲህ ላሉ ወጣቶች ማደሪያ ሆኖ ተሠርቷል። ነገር ግን ማደሪያ ያገኘ ሁሉ ቋንቋ አላገኘም።

እስቲ አንድ የ19 ዓመት ልጅ አስቡ። ጥገኝነት ለማግኘት፣ ለእናቱ እንኳ ያልተነፈሰውን ምሥጢር በቦርድ ፊት መናገር አለበት። አስተርጓሚው ምናልባት ከአክስቱ ጋር የሚያስቀድስ ሰው ነው። ልጁ ይፈራል፤ ሌላ ምክንያት ይሰጣል፤ ኋላ እውነቱን ሲያወጣ «ቃልህ ተቃረነ» ይባላል። የካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ እነዚህ ጉዳዮች አያያዝ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያ ግን የአገር ልጅን አፍ አይለጉምም።

«ባህላችን አይፈቅድም» የሚሉኝ አሉ። ባህላችን እንግዳን ደጅ ማሳደር ይፈቅዳልን? እድራችንስ ድንኳን ከመትከሉ በፊት የሟችን ኃጢአት ቆጥሮ ያውቃልን? ለሬሳ ያልነፈግነውን ለሕያው ልጅ የምንነፍገው በየትኛው ሚዛን ነው?

ማንም ሃይማኖቱን ይለውጥ አላልሁም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ምሥጢር ለመጠበቅ በፊርማው የታሰረ አስተርጓሚ፤ የማኅበራችንን በር ላንኳኳ ልጅ፣ ስለ ነፍሱ ሳንመረምረው ወደሚረዱት የሚያደርስ አንድ ሰው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝምታ፤ የሰማነውን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ወላጆቹ ስልክ ያለማድረስ።

ይህን ያህል ካልቻልን፣ ነገ በአንዱ ልጅ ቀብር ላይ ደረታችንን ስንመታ ለቅሷችንን ማን ያምነናል?