ወታደሩ እንደራሴና የካሆኦላዌ ደሴት

በጦር ሜዳ ደሙን ያፈሰሰ ሰው በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲቀመጥ የሠራዊቱ ጠበቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል ብለው ለሚሰጉ ሁሉ፣ የሐዋዩ እንደራሴ የዳንኤል ኢኖዬ ሥራ በቂ ምላሽ ነው።

ከጃፓን ዘር የተወለደው ይህ ሰው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945 በጣልያን ተራሮች ላይ ከጀርመን ጦር ጋር ሲዋጋ ቀኝ ክንዱን አጥቶ፣ የቀዶ ሕክምና ሊቅ የመሆን ተስፋውም በዚያው ተቈርጦበት ከተመለሰ በኋላ ሕግ ተማረ፤ ሐዋይ ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ በሆነችበት በ1959ም ተመርጦ፣ ባዶው እጅጌ በጐኑ ተንጠልጥሎ ሳለ ግራ እጁን አንሥቶ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ከ1963 እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2012 ድረስም፣ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አገለገለ።

እኛ ከሁሉ አብልጠን የምናደንቀው ግን የካሆኦላዌን ነገር ነው። የአገሩ ተወላጆች እንደ ቅድስት ምድር የሚያከብሯትን ይህችን ደሴት የባሕር ኃይሉ ከ1941 ጀምሮ የቦምብ መለማመጃ አድርጓት ኖሮ፣ ወደ እርሷ ተሻግረው የተቃወሙትም እስከ መታሰር ደርሰው፣ ድብደባው በ1990 ከቆመ በኋላ፣ ደሴቲቱ ለሐዋይ እንድትመለስና ላልፈነዳው ቦምብ ማጽጃ 400 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ በ1993 በመከላከያ በጀት ሕግ ያስወሰነው ኢኖዬ ነው። የመከላከያን በጀት የሚመረምረውን ንኡስ ኮሚቴ ይመራ የነበረ አርበኛ፣ ስለ መራጮቹ ብሎ የሚወደውን ሠራዊት መሬት ማስመለሱ፣ እውነተኛ ውክልና ነው እንላለን።

ሆኖም የባሕር ኃይሉ ጽዳቱን ሲያበቃ ከደሴቲቱ አንድ አራተኛው ገደማ ሳይነካ ቀርቷልና፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት የሐዋይ እንደራሴዎች ለቀሪው ጽዳት ገንዘብ ሊያስፈቅዱ ይገባቸዋል።