ሸንት ላላቸው ልጆች "ሲቲው ኖርማል ነው" ማለት ብቻ በቂ አይደለም



የዛሬው ጽሁፍ ሃይድሮሴፋለስ (ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መጠራቀም) ኖሮባቸው ሸንት የተገባላቸውን ልጆች ይመለከታል። ሸንት ማለት ትርፉን ፈሳሽ ከአንጎል ውስጥ በቆዳ ስር አድርጎ ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦ ነውና ይደፈናል፣ ይበጠሳል። ከ10 ልጆች ወደ 4ቱ ገና በመጀመሪያው ዓመት ይበላሽባቸዋል።

ጀማሪ ሐኪም እያለሁ የሰራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን ይዛ በሌሊት መጣች። ከጠዋት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ድብት ብሎታል። ሲቲ ስካን አሰራሁት። አንጎል ውስጥ ያሉት የፈሳሽ ክፍሎች ያን ያህል የሰፉ አይመስሉም። "አይዞሽ፣ ሲቲው ሰላም ነው፣ ሆዱን ይሆናል" አልኳት። "ዶክተር፣ ያኔ ሲደፈንበትም ልክ እንዲህ ነበር የጀመረው" አለችኝ። ሰማኋት እንጂ አላዳመጥኳትም። የትውከት ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘኋት።

በማግስቱ ማታ ልጁ ራሱን ሊስት ደርሶ ተመለሰ። የነርቭ ቀዶ ህክምና ሲኒየሩ ገና ሲገባ የጠየቀው "የድሮው ሲቲ የታለ?" ብሎ ነው። አባትየው ቤት ሮጦ ሲዲውን አመጣ። ጎን ለጎን ስናያቸው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ልጁ ደህና በነበረበት ጊዜ ክፍሎቹ እንደ ስንጥቅ የጠበቡ ነበሩ። እኔ "ኖርማል" ያልኩት ለሌላ ልጅ ነው እንጂ ለእሱ ሰፍቷል። በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ተረፈ።

አንዳንድ ልጆች ደግሞ ሸንታቸው ተደፍኖም ክፍሎቻቸው ጭራሽ አይሰፉም። ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ ምልክቱ ካለ፣ ምስሉ ምንም ይበል፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሳያየው ወይም ተኝቶ ሳይታይ ልጁ ወደ ቤት መላክ የለበትም።

በተቃራኒው ለእያንዳንዱ ጉንፋን ሲቲ ማዘዝም ያናድደኛል። ሲቲ ጨረር አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ 10 ዓመት ሳይሞላቸው የራስ ሲቲ ከተነሱ 10,000 ልጆች ውስጥ በቀጣዩ 10 ዓመት 1 ተጨማሪ የደም ካንሰርና 1 ተጨማሪ የአንጎል ዕጢ ሊከሰት እንደሚችል ገምቷል። ትንሽ ቁጥር ነው፤ ግን የሸንት ልጆች የሚነሱት አንዴ ብቻ አይደለም። እርግብግቢቱ ላልተዘጋ ህፃን አልትራሳውንድ ይበቃ ይሆናል። ያለ ማደንዘዣ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ፈጣን ኤምአርአይም አለ፣ ጨረር የለውም። (ሸንቱ ከውጭ በማግኔት የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ ከኤምአርአዩ በኋላ መታየት አለበት።) እኛ ጋር ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚገኘው፣ ከተገኘም፣ ሲቲ ነው። ልጁ ምልክት ካለው ጨረር ፈርታችሁ እምቢ እንዳትሉ!

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ልጁ ደህና እያለ የተነሳው ምስል እጃችሁ ላይ ይኑር። የሪፖርቱ ወረቀት ብቻ አይበቃም፣ ሲዲውን ወይም ፊልሙን ያዙ። ሲዲ ይጠፋል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፊልሙን መስኮት ላይ አድርጋችሁ በስልካችሁ አንሱትና በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት። ሲዲውን አይተካም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

የማያቋርጥ ትውከት፣ ራስ ምታት፣ ከወትሮው የበዛ እንቅልፍ፣ ዓይን ወደ ታች መውረድ፣ በህፃን ደግሞ እርግብግቢት መወጠር ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። በቅርቡ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ትኩሳት ካለውም ቱቦው ተመርዞ ሊሆን ይችላል፣ ይህን ሲቲ ብቻውን አይነግራችሁም። "ያኔም እንዲህ ነበር የጀመረው" የምትሉት ነገር ካለ ደግሞ ሐኪሙ ካርዱ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁት።