የዓለም የትግል ሻምፒዮና ማዕረግ ሐሰት ነውን?

ጓደኛሞች ተሰብስበው በቴሌቪዥን የአሜሪካኖችን ነጻ ትግል ሲያዩ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ «ይህ ሁሉ ተውኔት ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው ተነጋግረዋል» ይላል። ሁለተኛው ወንበር ሲሰበር አይቶ፣ ደም ሲፈስ ተመልክቶ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሐሰት ሊሆን አይችልም ብሎ ይምላል። ሊያስታርቅ የሚነሣ ሦስተኛ ሰው ደግሞ «የሆነ ሆኖ ማዕረጉም ቀበቶውም ዋጋ የለውም» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። እኔ የምከራከረው ከዚህ ከሦስተኛው ሰው ጋር ነው። የመጀመሪያው ልክ ነው፤ ውጤቱ አስቀድሞ ይወሰናል። ነገር ግን ውጤቱ ይወሰናልና ማዕረጉ ታሪክ የለውም ማለት፣ ሹመት በደብዳቤ ይሰጣልና ሹም የሚባል የለም እንደ ማለት ነው። እንዲያውም ታሪኩን ለመረመረ ሰው የሚገርመው ሌላ ነው። ትግሉ ሐሰት እየሆነ በሄደ መጠን ማዕረጉን የሚጠብቀው ሰው እውነተኛ ታጋይ መሆኑ የግድ አስፈላጊ እየሆነ መሄዱ ነው።

ዓመቶቹን የምጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የማዕረጉን ሐረግ የሚቆጥሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ1905 ይነሣሉ። ጆርጅ ሃከንሽሚት የተባለው ጎበዝ፣ ዛሬ ኢስቶኒያ በምትባለው፣ ያን ጊዜ ግን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው አገር ተወልዶ «የሩሲያ አንበሳ» የሚል ስም ያወጣ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት በኒው ዮርክ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ቶም ጄንኪንስን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። በ1908 ደግሞ የአይዋው ገበሬ ልጅ ፍራንክ ጎች በቺካጎ ገጠመው። ከሁለት ሰዓት በላይ ከታገሉ በኋላ ሃከንሽሚት በቃኝ ብሎ ማዕረጉን ለቀቀ። ጎች ሰውነቱን ዘይት ተቀብቶ ነበር፣ ቧጨረኝም ሲል ከሰሰ። በ1911 እዚያው ቺካጎ ውስጥ ወደ 30 ሺህ በሚጠጋ ሕዝብ ፊት እንደገና ቢገጥመውም ጉልበቱ ቀድሞ ተጎድቶ ነበርና በሁለት ዙር በተከታታይ ተሸነፈ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በእውነት የተደረገ ትግል ከነበረ፣ ወደ ሐሰቱ ያዞረው ምንድን ነው? ብዙዎች ስግብግብነት ነው ይላሉ፤ ስግብግብነትስ አልጠፋም። ነገር ግን እውነተኛ ትግል ለተመልካች እጅግ አሰልቺ መሆኑን መርሳት አይገባም። በ1916 በኦማሃ ከተማ ጆ ስቴከርና «አናቂው» የሚል ቅጽል የነበረው ኤድ ሉዊስ ወደ አምስት ሰዓት ያህል ተያይዘው ያለ አሸናፊ ተለያዩ። ገንዘቡን ከፍሎ አምስት ሰዓት ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ምን እንዳለ መገመት አያስቸግርም። ከዚህ በኋላ በ1920ዎቹ ሉዊስ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሊ ሳንዶውና ቱትስ ሞንት የተባለው ብልህ ሰው ሆነው የትግሉን ሰዓት ወሰኑ፤ መወርወሩንና መሯሯጡን ጨመሩበት፤ ውጤቱንም አስቀድመው ማዘጋጀት ጀመሩ።

በ1925 የሆነውን ነገር ግን ቀስ ብዬ ልተርከው እወዳለሁ።

እነሉዊስ አዲስ ገበያ ፈለጉና ዋይን መን የተባለ፣ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫውቶ ስም ያተረፈ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው አመጡ። መልኩና ቁመናው እንጂ የትግል ዕውቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሉዊስ በጥር ወር በካንሳስ ሲቲ ሆን ብሎ ተሸነፈለትና መን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አሳቡ፣ ሕዝቡ በደንብ ካጨበጨበለትና ትኬቱ ከተሸጠ በኋላ ሉዊስ ማዕረጉን መልሶ እንዲወስድ ነበር። የመንን ዝና ለማድመቅ ብለው ከአርባ ዓመት በላይ የሆነውን ፖላንዳዊ ስታኒስላውስ ዝቢስኮን በሚያዝያ ወር በፊላደልፊያ እንዲሸነፍለት ተዋዋሉት። ዝቢስኮ የቀድሞ ሻምፒዮን፣ ትግልን ከነሥሩ የሚያውቅ ሰው ነው። መድረኩ ላይ ሲወጡ ግን ውሉን ረስቶ፣ ወይም ተቃዋሚዎቹ ነጋዴዎች የተሻለ ከፍለውት፣ ያን ግዙፍ ሰው እንደ ሕፃን ልጅ እያነሣ ጀርባውን መሬት አስነካው። ዳኛው ቢጨንቀውም ሕዝብ የሚያየውን ነገር መካድ አልቻለም።

ዝቢስኮ በሜይ 30 ቀን በሴንት ሉዊስ ማዕረጉን ለጆ ስቴከር አስረከበ። እነሉዊስ የፊላደልፊያውን ውጤት አንቀበልም ብለው በዚያው ዕለት ሉዊስ መንን እንዲያሸንፍ አደረጉ። በአንድ ቀን ሁለት «የዓለም ሻምፒዮን» ተገኘ ማለት ነው። ሁለቱ ሐረጎች የተጋጠሙት ሉዊስ ስቴከርን ባሸነፈበት በ1928 ነው።

አሁን አንባቢዬን ልጠይቅ። በዚያች በፊላደልፊያ ሌሊት ሐቀኛው ሰው ማን ነበር? ዝቢስኮ ቃሉን አጥፏል፤ ከዚያም በላይ ለገንዘብ ብሎ ነው ያጠፈው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ከፍሎ ሊያይ የመጣውን እውነተኛ ትግል ያሳየው እሱ ብቻ ነው። መን ደግሞ ውሉን አክብሯል፤ የሚያከብረው ውል ግን ሕዝብን ለማታለል የተጻፈ ነበር። እኔ ስመዝነው ዝቢስኮን ለማመስገን አፌ አይታዘዝልኝም፤ ለመኮነንም እንዲሁ። ለሻምፒዮናው ነጋዴዎች ግን ትምህርቱ ግልጽ ነበር። ከእንግዲህ ማዕረጉን የሚይዘው ሰው፣ ጓደኛው ውሉን ቢያፈርስበት መገጣጠሚያውን ጠምዝዞ ልክ ሊያገባው የሚችል መሆን አለበት።

እንዲህ ያለው ሰው ሉ ቴዝ ነበር። አባቱ ከሃንጋሪዎች ወገን የመጣ ጫማ ሰፊ ነው። ልጁ በሴንት ሉዊስ አድጎ በ1937፣ ገና በ21 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ1948 የልዩ ልዩ ከተማ የትግል ነጋዴዎች በአይዋ፣ በዋተርሉ ከተማ ተሰብስበው ናሽናል ሬስሊንግ አላያንስ የሚባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ በየአገሩ የበዛውን «የዓለም ሻምፒዮን» ወደ አንድ ለማምጣት ተስማሙ። የማኅበሩ ሻምፒዮን ኦርቪል ብራውን በ1949 ከቴዝ ጋር ሊገጥም ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳና ማዕረጉ ለቴዝ ተሰጠ። ቴዝም እስከ 1956 ድረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ያዘው። ማኅበሩን ቅዱስ አድርጌ አላቀርብም፤ ገበያውን ተከፋፍሎ ያልታዘዘውን ታጋይ ሥራ ስለሚነሣ፣ በ1956 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ይህን እንዲተው በፍርድ ቤት አስገድዶታል።

የማኅበሩ አሠራር እንዴት ነበር ቢሉ፣ ሻምፒዮን የሚሆነው ሰው የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል፤ መጠኑም 25 ሺህ ዶላር ነበር። ማዕረጉን አላስረክብም ያለ ገንዘቡን ያጣል። በ1961 በቺካጎ ከ38 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ማዕረጉን ያገኘው ቡዲ ሮጀርስ ትርኢት ዐዋቂና ኩሩ ነበረ፤ በትግል ችሎታ ግን ቴዝን አይደርስበትም። ለማስረከብ ባመነታ ጊዜ የማኅበሩ አለቃ ሳም ሙችኒክ ዋስትናህን ለበጎ አድራጎት እሰጠዋለሁ ብሎ እንደዛተበት ይተረካል። በጥር 1963 በቶሮንቶ 46 ዓመት የሆነውን ቴዝን ላኩበት። ቴዝም በፈቃድህ ብትሰጥ ይሻላል፣ ካልሆነ እኔው እወስደዋለሁ የሚል መንፈስ ይዞ እንደገባ ይነገራል። ሮጀርስ ሰጠ።

የኒው ዮርክ ነጋዴዎች ግን ይህን አንቀበልም ብለው የራሳቸውን ማዕረግ አቆሙ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ብሩኖ ሳማርቲኖ ሮጀርስን በ48 ሴኮንድ አሸንፎ ያዘው። ሳማርቲኖ በኢጣልያ፣ በአብሩዚ ተራራ ተወልዶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከጀርመኖች ተደብቆ ኖሮ በስደት ፒትስበርግ የገባ ሰው ነው።

በ1989 የዚሁ የኒው ዮርኩ ድርጅት ሰዎች በኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ፊት ቀርበው፣ እኛ የምናሳየው ውድድር ሳይሆን መዝናኛ ነው ብለው በይፋ መሰከሩ። ስንት ዓመት ሲከላከሉት የኖሩትን ምሥጢር የገለጡት ኅሊናቸው ወቅሷቸው ሳይሆን፣ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከግብር ለመዳን ነው። እውነት መናገራቸውን አልጠላሁም፤ ምክንያቱን ግን ሳስበው ፈገግ እላለሁ። ማዕረጉ ዋጋ የለውም የሚለው ወዳጄም ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው።

እኔ በበኩሌ የምጠቅስለት ጥር 18 ቀን 1971ን ነው። ሳማርቲኖ ማዕረጉን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ከያዘ በኋላ፣ በዚያች ሌሊት በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን «ሩሲያዊው» ኢቫን ኮሎፍ አሸነፈው፤ ኮሎፍ በትውልዱ ካናዳዊ ነበር። ዳኛው ሦስት ብሎ ሲቆጥር አዳራሹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሳማርቲኖ ጆሮው የተጎዳ መስሎት እንደ ነበር ኋላ ተናግሯል። ቀበቶውንም እዚያው መድረክ ላይ ለኮሎፍ አላስረከቡትም፤ ሕዝቡ ሁከት ያነሣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር።